ስለ እሳትና ስለ ጉበት

በአገራችን እሳት ከጥንት ጀምሮ ከሐኪሞች እንደ አንዱ ተቈጥሮ ኖሯል። ጐኑን የሚወጋው፣ ዐይኑ ቢጫ የሆነበት ወይም ሆዱ የተነፋበት ሰው ወደ ዐዋቂ ይወሰድና በፍም የጋለ ብረት በክንዱ ወይም በጐኑ ላይ ያርፍበታል። የወፍ በሽታ የምንለው የጉበት ሕመም ሲሆንማ ከእሳት የሚቀድም መድኃኒት ያለ የማይመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ከብትም ሲታመም እንዲሁ ይተኰሳል። እኛ ባደግንበት በፎንቆ ከተማ፣ በገበያ ቀን፣ በክንዳቸው ላይ የቈየ የእሳት ጠባሳ ያለባቸውን ሽማግሌዎች ማየት ብርቅ አልነበረም። ጠባሳውም የመዳን ምስክር ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ያልዳኑት ምስክርነታቸውን ለመስጠት ከገበያ አይገኙምና።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በአንድ ቤት ያየነው ሁለት ሞት ነው። በዐሥራ አንድ ዓመት ልዩነት አንድ ሰውና አንድ ውሻ በአንድ ዓይነት የሰውነት ክፍል ታመው ሞቱ። ሰውየው አባታችን ነበሩ፤ ውሻውም አባታችን ለእናታችን አደራ ብለው የተዉት ነበር። አንባቢ «ሰውንና ውሻን በአንድ መሥመር ማስቀመጥ ነውር ነው» ቢለን አንፈርድበትም፤ እኛም ቀድሞ እንደዚሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ቢታገሠን፣ የሁለቱ ታሪክ ለምን አንድ እንደ ሆነብን ይረዳልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አባታችን በአንለሞ ወረዳ ስንዴና በቆሎ የሚያርሱ፣ በጓሮአቸውም እንሰት የሚተክሉ ገበሬ ነበሩ። በ2004 ዓ. ም. መጨረሻ ላይ በቀኝ ጐናቸው፣ ከጐድን አጥንታቸው በታች ክብደት ይሰማቸው ጀመር። ገበሬ ሕመሙን ከመናገር ሥራውን መሥራት ይቀለዋልና ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ሰውነታቸው ሲከሳና ሆዳቸው ሲነፋ ግን ነገሩ መደበቅ የማይቻል ሆነ። በዚያን ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ፤ ምክሩም እሳት ሆነ። ከቤታችን ጣራ ሥር ተሰክቶ የነበረው ማጭድ ወርዶ በፍም ውስጥ ተቀበረ።

እኛ ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለተኛን ክፍል ጨርሰን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረን ደብዳቤ የምንጽፍና መዝገብ የምንይዝ ሰው ነበርን። በትምህርት ቤት ስለ ጉበት ሥራ ተምረናል፤ ፈተናም ወስደንበታል። ይሁን እንጂ በዚያች ማታ «ይህ አይረባም፤ ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው» ለማለት ድፍረት አጣን። እንዲያውም አባታችን እንዳይነቃነቁ እጃቸውን የያዝነው እኛ ነበርን። ማጭዱ ሦስት ጊዜ ዐረፈ። አባታችን አልጮኹም፤ እጃችንን ብቻ አጥብቀው ያዙት።

ቁስሉ ሳይደርቅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ መዳፉን በቀኝ ጐናቸው ላይ አኑሮ «አየር ይሳቡ» አላቸው፤ እጁንም ቀስ እያለ ወደ ታች አንቀሳቀሰ። ከዚያም በአልትራሳውንድ ተመለከተ። ጉበታቸው በእብጠት ተሞልቶ ነበር። በደማቸውም ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ተገኘ። ቀድሞ ነቀርሳ ይባል የነበረው፣ አሁን ካንሰር የምንለው በሽታ መሆኑን፣ በቀዶ ሕክምናም ሊወገድ ከማይችልበት ደረጃ መድረሱን ሐኪሙ ለብቻችን ጠርቶ ነገረን። አባታችን በየካቲት ወር 2005 ዓ. ም. ዐረፉ። ከዚያ ሁለት ወር አስቀድሞ ከጎረቤት አንድ ቀይ ቡችላ አስመጥተው ነበር፤ ስሙንም «አለኝታ» ብለውት ነበር። ለእናታችንም «እኔ ባልኖር ደጁን ይጠብቅልሻል» አሏት።

አለኝታም ቃሉን ጠበቀ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጁን ጠበቀ፤ እናታችንን ወደ ገበያ ሸኘ፤ በክረምት ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ከበረቱ ፊት አልጠፋም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ አለኝታ ግን የሚበላው ባልተረፈበት ቀንም ይጮኽ ነበር።

በሰኔ ወር 2016 ዓ. ም. አለኝታ መብላት ተወ። ውኃ ደጋግሞ ይጠጣል፤ ጀርባው ከሳ፤ ሆዱ ግን ከቀን ወደ ቀን ይተልቅ ጀመር። አንድ የተከበሩ የሰፈራችን ሽማግሌ መጥተው ተመለከቱትና «ልጄ፣ ጐኑን ተኩሱት፤ እንስሳም እንደ ሰው በእሳት ይድናል» አሉ። ፍም ተዘጋጀ። ማጭዱንም ከጣራ ሥር ለማውረድ እጃችንን ስንዘረጋ እናታችን በበሩ ላይ ቆመች። «አባታችሁን በእሳት ተኰሳችሁልኝ፤ አልዳኑም። አደራቸውን ደግሞ አታቃጥሉብኝ» አለች። ሽማግሌው ቅር ሳይላቸው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። ፍሙም በምድጃው ውስጥ ዐመድ ሆነ።

በማግሥቱ አንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለምነን ወደ ቤታችን አመጣን። የዚህ ወጣት የዘወትር ሥራ ከብት መከተብና ማከም ነው፤ ወደ ውሻ የሚጠራው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲሰጥ ብቻ ነበር። ከአለኝታ አጠገብ ተንበረከከና መዳፉን ከጐድኑ በታች አሳርፎ ቀስ እያለ ወደ ኋላ አንቀሳቀሰ። እኛም በዚያች ሰዓት ሌላ ሐኪምና ሌላ ታማሚ አየን። የእጁ አካሄድ አንድ ነበር።

«ጋሼ፣ በጉበቱ ላይ ትልቅ እብጠት አለ» አለን። «ምን እንደ ሆነ ሳይከፈት ወይም በመሣሪያ ሳይታይ አይታወቅም። ቢሾፍቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢወስዱት ሊያዩት ይችሉ ይሆናል።»

ፎንቆ ከሆሳዕና ብዙ አይርቅም፤ ከሆሳዕናም ወደ ቢሾፍቱ መንገድ አለ። ይሁን እንጂ ማመንታት ጀመርን። የደመወዛችንን ልክ ቈጠርን፤ የመኪናውን ኪራይ ቈጠርን። ከሁሉም በላይ ያገደን ግን ሌላ ነገር ነው፤ መደበቅም አይገባንም። «የመንግሥት ሠራተኛ ውሻውን በመኪና አሳፍሮ ለሕክምና ሄደ» ተብሎ በቢሮና በሻይ ቤት እንዳይሳቅብን ፈራን። እንዲህ ስንል ሦስት ሳምንት ዐለፈ። በሐምሌ ወር አንድ ጧት እናታችን በሩን ስትከፍት አለኝታ ራሱን በመድረኩ ላይ አሳርፎ ሞቶ አገኘችው።

ወጣቱ ባለሙያ ሬሳውን ለመክፈት ፈቃድ ጠየቀን፤ እኛም ፈቀድን። ጓንቱን አጥልቆ፣ ከቤታችን ራቅ ባለ ስፍራ ከፈተው። የውሻ ጉበት በስድስት ክፍል የተከፈለ መሆኑን በዚያች ቀን ዐወቅን። በግራ በኩል ካሉት ክፍሎች በአንደኛው ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል አንድ እብጠት በቅሎ ነበር፤ ከእርሱም ደም ፈስሶ ሆዱን ሞልቶታል። የቀረው ጉበት ግን ለዐይን ንጹሕ ነበር። ወጣቱ ዝም ብሎ ቈየና «አንድ ብቻ ነበር፤ በጊዜው ቢሆን ተቈርጦ ሊወጣ ይችል ነበር» አለ። ከእብጠቱም ጥቂት ቈርጦ በፎርማሊን ውስጥ አድርጎ ለምርመራ ላከው። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው መልስ አንድ መሥመር ነበር፤ ከራሱ ከጉበቱ ሕዋሳት የተነሣ ካንሰር ነው ይላል።

ከዚህ በኋላ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የሆነ የአጎታችን ልጅ ስለዚህ በሽታ የተጻፉ ጽሑፎች አመጣልን፤ ቃላቱንም እየተረጐመ አስረዳን። ካነበብነው ውስጥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 የታተመ አንድ ጥናት አለ። እንደ አለኝታ በጉበታቸው ላይ አንድ ትልቅ ካንሰር የበቀለባቸው 48 ውሾች የተጠኑበት ነው። ከእነዚህ 42ቱ የታመመው የጉበት ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸዋል፤ 6ቱ አልወጣላቸውም። ያልወጣላቸው የኖሩበት መካከለኛ ዘመን 270 ቀን ሲሆን፣ የወጣላቸው ግን ከ1,460 ቀን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ከአራት ዓመት የማያንስ ነው። በመዝገብ ሥራችን ብዙ ቍጥር አንብበናል፤ እንደዚህ የከበደን ቍጥር ግን አልነበረም።

እንግዲህ እብጠቱ ከትልልቅ የደም ሥሮች ጋር ተጣብቆ፣ ወይም በብዙ ስፍራ ተበትኖ ለቢላዋ የማይመች ሲሆን ምን ይደረጋል? ለዚህ ጥያቄ የዘመናዊው ሕክምና አንዱ መልስ፣ ሲያስደንቀን የኖረ ነገር ቢሆንም፣ የሽማግሌዎቻችን መልስ ሆኖ አገኘነው፤ ይኸውም እሳት ነው። ልዩነቱ የእነርሱ እሳት ቆዳን አቃጥሎ ሲቀር፣ የሐኪሞቹ እሳት በቀጭን መርፌ አማካይነት እብጠቱ ውስጥ ድረስ መግባቱ ነው። በመርፌው ጫፍ የሬዲዮ ሞገድ ወይም ማይክሮዌቭ ይለቀቅና በዙሪያው ያለው ሥጋ ከ60 ዲግሪ በላይ ግሎ ይበስላል፤ ካንሰሩም ከነሕዋሳቱ ይሞታል። ይህ ሕክምና ብዙ ሰው ጠቅሟል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ በትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ እብጠት ሲሆን የሚፈሰው ደም ሙቀቱን እየወሰደ ያቀዘቅዘዋልና በሥሩ ጥግ የተጠጉ የካንሰር ሕዋሳት ሊተርፉ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ እሳት ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ በአቅራቢያው ያለውን የሐሞት ቧንቧ ወይም አንጀት ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ ሊቃውንት እሳት የሌለበት መንገድ ፈለጉ። ከመንገዶቹ አንዱ ኤሌክትሮፖሬሽን ይባላል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዳቫሎስ፣ ሚርና ሩቢንስኪ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የሥጋን ክፍል ያለ ሙቀት፣ በኤሌክትሪክ ምት ብቻ መግደል እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራ አሳተሙ። የአሠራሩ ዘዴ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ ስልቻ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። በእብጠቱ ግራና ቀኝ መርፌዎች ገብተው ብርቱ ሆኖም እጅግ ዐጭር የኤሌክትሪክ ምት ሲተላለፍባቸው የስልቻው ሽፋን በጥቃቅን ቀዳዳ ይበሳሳል። ምቱ ከልክ በላይ ከሆነ ቀዳዳዎቹ አይደፈኑም፤ ሕዋሱም የያዘውን መያዝ አቅቶት ይሞታል። የደም ሥሮችና የሐሞት ቧንቧዎች ሕዋሳት ቢጐዱ እንኳ የቆሙበት ማገር አይፈርስም። ምርጉ የረገፈ፣ ማገሩ ግን የቆመ ቤት ተመልሶ እንደሚመረግ፣ ሰውነትም እነዚህን መልሶ ያድሳቸዋል።

የመጀመሪያው አሠራር ግን ችግር ነበረበት። እያንዳንዱ ምት ጡንቻን በኀይል ያኰማትራል፤ የልብንም ምት ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ታማሚው ጡንቻን የሚያፈዝ መድኃኒት መውሰድ ነበረበት፤ ምቱም ከልቡ ምት ጋር ተለክቶ ይሰጥ ነበር። ይህን ለማስቀረት ምቱን እጅግ አሳጥሮ፣ በሴኮንድ ሚሊዮንኛ በሚቈጠር ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ አደረጉት። ይህ አዲስ ዘዴ በራሱ በመጣ የጉበት ካንሰር ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት በአሜሪካ በቨርጂኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች የመረጡት ታማሚ ውሻ ነበር። በ2020 በታተመው ሥራቸው እንደ ተገለጠው፣ እንደ አለኝታ ያለ ካንሰር የነበረባቸው ሦስት ውሾች መርፌው በቆዳቸው በኩል ገብቶ ታከሙ። ጡንቻ የሚያፈዝ መድኃኒት አልተሰጣቸውም፤ ምቱም ከልባቸው ምት ጋር አልተለካም። ልባቸው አልታወከም፤ ጡንቻቸውም እጅግ ጥቂት ብቻ ተኰማተረ። በታከመው ስፍራ ዙሪያም የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ታይተዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ከልክ ያለፈ ተስፋ እንዳያድርበት እውነቱን መናገር ይገባናል። ሙከራው የሦስት ውሾች ሙከራ ነው። ዓላማውም ዘዴው የማይጐዳና ሊሠራ የሚችል መሆኑን ማየት ነበር፤ ውሾቹ የተመረጡት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል ካንሰር ካለባቸው መካከል ነው። የሞተው የካንሰር ሥጋም በአማካይ አራት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የአለኝታ እብጠት የሕፃን ራስ ያህል ነበር። እንግዲህ እርሱን ሊያድን ይችል የነበረው ይህ አዲስ ጥበብ ሳይሆን የቈየው ቢላዋ ነው። እኛም ባነበብነው ነገር ራሳችንን ለማጽናናት ስንፈልግ ይህ እውነት መንገዱን ዘጋብን።

ሁለተኛው እሳት የሌለበት መንገድ በድምፅ የሚሠራ ነው። ሂስቶትሪፕሲ ይባላል፤ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። አባታችን የታዩበት አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የውስጥን መልክ ያሳያል። ይህንኑ ዐይነት ድምፅ እጅግ አበርትተው በአንዲት ነጥብ ላይ ሲሰበስቡት፣ በዚያች ነጥብ ጥቃቅን አረፋዎች በቅጽበት ይፈጠሩና ይፈርሳሉ፤ ሕዋሳቱንም እየቀጠቀጡ ያልማሉ። ምቶቹ ዐጫጭር ስለ ሆኑና በመካከላቸው ዕረፍት ስላለ ሥጋው አይግልም። ቢላዋ የለም፤ መርፌም ወደ እብጠቱ አይገባም። በ44 ታማሚዎች ላይ በአሜሪካና በአውሮፓ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በመስከረም ወር 2016 ዓ. ም. መጨረሻ ገደማ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት መሣሪያው ለሰው ጉበት እብጠት እንዲውል ፈቅዷል። በቨርጂኒያም ይኸው ዘዴ የአጥንት ካንሰርና ሌላ ዐይነት እብጠት ባለባቸው ውሾች ላይ ተሞክሯል።

«ለምን ውሻ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ቀላል ነው። በቤተ ሙከራ ያለች አይጥ ካንሰሩን የምታገኘው ከሰው እጅ ነው፤ ውሻ ግን እንደ ሰው በዕድሜው ማምሻ በራሱ ጊዜ ይታመማል። የሚኖረው በእኛ ቤት ነው፤ የሚተነፍሰው የእኛን አየር ነው፤ ጉበቱም በመጠን ከአይጥ ይልቅ ወደ ሰው ይቀርባል። ከዚህም በላይ የቀድሞው ዘመን ከአሁኑ የተለየበት ነገር አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሁለት ሰዎች በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ያገኙት በውሾች ላይ ባደረጉት ሙከራ ነው። ነገር ግን እነዚያን ጤነኛ ውሾች ቆሽታቸውን አውጥተው የስኳር ሕመምተኛ ያደረጓቸው ራሳቸው ናቸው። ዛሬ በስኳር ሕመም የሚኖር ሰው ሁሉ የእነዚያ ውሾች ባለ ዕዳ ነው። የቨርጂኒያዎቹ ሦስት ውሾች ግን ታመው የመጡ፣ ባለቤቶቻቸውም አምነው ያመጧቸው ናቸው። ውሻው ለሰው ይጠቅማል፤ እርሱም ራሱ ታካሚ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ መጀመሪያ ስናነብ የተሰማን አድናቆት ሳይሆን ቍጣ ነው። በአሜሪካ አገር ውሻ በሲቲ ስካን ሲታይና በኤሌክትሪክ ሲታከም፣ አባታችን በማጭድ ተተኰሱ። ይህን ማሰብ ጉሮሮአችንን አነቀው። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ቍጣው ወደ ማን መሄድ እንደሚገባው መመርመር ጀመርን። እነዚያ ሦስት ውሾች ከአባታችን የቀሙት ነገር የለም። እንዲያውም በእነርሱ ጉበት ውስጥ የገባው መርፌ አንድ ቀን በሌላ አባት ጉበት ውስጥ እንዲገባ መንገድ የሚጠርግ ነው። አባታችንን እሳት ፊት ያስቀመጣቸው የአሜሪካ ውሻ አይደለም፤ የእኛ ዝምታ ነው። አለኝታንም ለሦስት ሳምንት በደጅ ያስተኛው የጥበብ መራቅ አይደለም፤ የሰው ሳቅ ፍርሃት ነው። የኤሌክትሪኩ መርፌ ከፎንቆ እጅግ ሩቅ ነው። የቢሾፍቱ መኪና ግን ሩቅ አልነበረም።

በዚህ ጕዳይ እኛ ባለንበት ቦታ ሆነን ልናደርገው የምንችለው ነገር ብዙ ነው። ለአባታችን ካንሰር ምንጭ ነው የተባለውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የሚከላከል ክትባት አለ፤ በአገራችንም ከ1999 ዓ. ም. ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጡት ክትባቶች ጋር ተካቷል። ቫይረሱ ያለበት ሰውም በጊዜ ቢመረመር የሚይዘው መድኃኒት አለ። ሌላው የሻጋታ ነገር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች ጉበታቸው ታውኮ አለቁ፤ ምክንያቱ ሲመረመር የበሉት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻግቶ ነበር። ከሻጋታው የሚወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ፤ በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣም ተረጋገጠ፤ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይባዛል። በእኛም አገር በአዲስ አበባና በአካባቢዋ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው፣ በ2016 በአውሮፓ አቈጣጠር በታተመው ውጤት መሠረት፣ የዚህ መርዝ መጠን አውሮፓውያን ከወሰኑት ልክ ያላለፈው በ9ኙ ብቻ ነበር። መርዙ ወደ ላሞቹ የሚገባው በተለይ በኑግ ፋጉሎ በኩል መሆኑ ታውቋል።

ይህን ስናነብ የቤታችን ጎተራ ታወሰን። ዝናብ ያለ ጊዜው በዘነበባቸው ዓመታት በቆሎው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይሻግት ነበር። እናታችን ጥሩውን ለእኛ ትለቅማለች፤ አረንጓዴ የለበሰውን ለአለኝታ ትቀቅልለታለች። አለኝታን የገደለው ያ በቆሎ ነው ብሎ ሊናገር የሚችል የለም፤ የሻገተ እህል የውሻን ጉበት ክፉኛ እንደሚመርዝ ቢታወቅም፣ ካንሰሩን ያመጣበት እርሱ ነው ለማለት ማስረጃ የለንም። ነገር ግን «ለሰው የማይሆን ለውሻ ይሁን» የምንለው ልማድ አደራን የመጠበቅ ልማድ እንዳልሆነ ገብቶናል። ከዚያ ወዲህ እናታችን በቆሎውን በሚገባ ሳታደርቅ ጎተራ አታስገባም፤ የሻገተውንም ቈፍራ ትቀብረዋለች። የእኛም ታናሽ ልጅ ክትባቱን ሁሉ በጊዜው ወስዷል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። እሳት ገና ሳለ በቅጠል ይጠፋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን ወንዝ አይበቃውም ማለታቸው ነው። የጉበት ሕመምም እንዲሁ ነው። በቀኝ ጐኑ ክብደት የተሰማው አባት፣ ዐይኑ ቢጫ የሆነ ወንድም፣ መብላት የተወ ውሻ ሁሉም ገና በቅጠል በሚጠፋው እሳት ላይ ናቸው። በሩቅ አገር ያሉ ሊቃውንት ያለ እሳት የሚፈውስ ጥበብ ሲፈልጉ፣ እኛ ደግሞ ቢያንስ የዝምታንና የኀፍረትን እሳት ብናጠፋ ከእነርሱ ሥራ ድርሻ አለን ለማለት እንደፍራለን። በየመንደሩ ከብት ሲከትብ የሚውለው ወጣት ባለሙያም ለውሻ ሲጠራ የማንስቅበት ቀን ይመጣል ብለን እናምናለን።

አለኝታን ከእንሰቱ ሥር ቀበርነው። ማጭዱ እስከ ዛሬ ከጣራው ሥር ተሰክቶ ይገኛል፤ እናታችን አንዳንድ ጊዜ ሣር ታጭድበታለች። ፍም ውስጥ ግን ዳግመኛ አልገባም።